አሥራ አምስት ደቂቃ ያለ ድምፅ

አቤቱታው እንዲህ ይላል፦

«ባለፈው ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ከወንዙ ማዶ የተለቀቀው ሙዚቃ ቤቴ ገብቶ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ድረስ አልወጣም። የቁም ሣጥኑ መስታወት ተንቀጥቅጧል። አልጋዬ ተንቀጥቅጧል። እኔም ተንቀጥቅጫለሁ። መጸው በመጣ ቁጥር የሚደርስብኝ ይኸው ነው። ተከሳሽ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»

መልሱ ደግሞ እንዲህ፦

«በተጠቀሰው ቀን የድምፁ መጠን ከተፈቀደው አላለፈም፤ በየሰዓቱ የመዘገብነው ሰንጠረዥ ተያይዟል። አቤቱታ አቅራቢው ሠላሳ አንድ ዓመት በሽመና ፋብሪካ የሠሩ በመሆናቸው ጆሯቸው ተጎድቷል። ሰማሁ ያሉትን ሊሰሙ አይችሉም። የበር ደወል እንኳ አይሰሙም።»

ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ዘርግቼ ቆየሁ። አንዱ ተንቀጠቀጥኩ ይላል፣ ሌላው አይሰማም ይላል። ይህ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። ሥራዬ ድምፅ መለካት ነው። ማዘጋጃ ቤት አቤቱታ ሲደርሰው መሣሪያዬን በሻንጣ ይዤ እሄዳለሁ፤ አንድ ቀን የእንጨት መሰንጠቂያ፣ አንድ ቀን የዳቦ ቤት ማራገቢያ፣ አንድ ቀን የጎረቤት ውሻ። ከሳሽ ያጋንናል፣ ተከሳሽ ያሳንሳል፤ መለኪያው ግን ሁለቱንም አያውቃቸውም። ሥራውን የወደድኩት በዚህ ነው መሰለኝ።

ያሳሰበኝ የመልሱ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ነበር። ከወንዝ ማዶ የምትሠራ የድምፅ ባለሙያ አንድ ሽማግሌ የበሩን ደወል እንደማይሰማ በምን አወቀች? ከፊርማዎቹ በላይ ያሉትን ስሞች አየሁ። የባለሙያዋ ሁለተኛ ስም የሽማግሌው የመጀመሪያ ስም ነበር።

«አባትና ልጅ ናቸው» አልኳቸው አለቃዬን።

አለቃዬ ጡረታ ሊወጡ ሰባት ወር የቀራቸው ሴት ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «ቅጹ ላይ ስለ ዝምድና የሚጠይቅ ሣጥን አለ?» አሉኝ።

«የለም።»

«እንግዲያው አናውቅም።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ። «ግን ተጠንቀቅ። አምናና ካቻምና የልጅቱ ድምፅ ከልክ በላይ ሆኖ ተገኝቶ ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል። ይኼ ሦስተኛው ነው። ሦስተኛው ከጸና ፈቃዷን ትነጠቃለች፤ ከዚያ በኋላ ሠርግ ቤት እንኳ ማይክራፎን አትነካም።»

«ሽማግሌው ይህን ያውቃሉ?»

«ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ለተከሳሽ ብቻ ነው። አንተም እንዳትነግረው። ለካኪ ይለካል፣ ይጽፋል፣ ይመለሳል። መካሪ ስትፈልግ እናትህ ጋ ደውል።»

ፌስቲቫሉ የከተማዋ ትልቁ ነገር ነው። መጸው ገብቶ ወንዙ ሲጎድልና የዳርቻው ዛፎች ቅጠላቸውን ሲያራግፉ፣ በሁለት ተከታታይ ቅዳሜና እሑድ ማዶ ያለው መስክ በሰው ይሞላል። ሙዚቃው በኮምፒውተርና በማሽን የሚሠራ ነው፤ ዘፋኝ የለውም፣ ቃል የለውም፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይቀጥላል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሥራ ውጪ ብቻዬን ሄጄ ነበር። ወደዚህ ከተማ ከመጣሁ አሥራ አንድ ወር ሆነኝ። የዝናብ ልብስ የለበሰ ሁለት ሺህ ሰው መሀል ሁለት ሰዓት ቆሜ ያናገረኝ፣ «ወንድም፣ እግሬን ረግጠኸዋል» ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ሻንጣዬን ይዤ ከሽማግሌው ቤት ደረስኩ። ቤቱ ወንዙ ዳር ካሉት ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃዎች አንዱ ነው። ምድር ቤት የክርና የአዝራር ሱቅ ያላት ሴት ከባንኮኒዋ ጀርባ ሆና አየችኝ።

«ማንን ፈልገህ ነው?»

«ሦስተኛ ፎቅ።»

«መዘውርን? ደወሉን እንዳትነካ፤ ጣትህን ነው የምታደክመው። ገፍተህ ግባ፣ በሩ አይቆለፍም።» መዘውር ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው፤ ፋብሪካ ሳሉ የማሽኑን መዘውር በመዳፋቸው እየዳሰሱ ብልሽቱን ያውቁ ነበር አሉ። «ምን አጥፍቶ ነው?»

«ድምፅ በዛብኝ ብለው አመልክተው ነው።»

ሳቋ ደረጃውን ሞላው። «እሱ? በሩን በመጥረቢያ ብትፈልጠው ዞር አይልም! ደንቆሮ ጩኸት በዛብኝ ብሎ ይክሰስ? እውነትም ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» ከዚያ ሳቋን ዋጠችና ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ልጁን ነው የከሰሰው አይደል? ዓመት ዓመቱን እኮ ነው።»

ሻንጣዬን ወደ ሌላው እጄ አዛወርኩ። ይህን እንደ መልስ ቆጠረችው።

«እናቷ ያረፈችው በዚሁ ፌስቲቫል ቀን ነው፤ አራት ዓመት ሆነው። ልጅቱ ማዶ ነበረች። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ስልኳን ከየት ትስማው? ስትደርስ ሁሉም አልቋል። ለቅሶው ላይ አባትየው፣ 'እናትሽ ስትሞት አንቺ ዳንኪራ ታስመቺ ነበር' አላት። እሱ እኮ በከንፈሩ ብቻ የተናገረ መስሎታል። እነሱ ቤት እንደዚያ ነው የሚያወሩት፣ ያለ ድምፅ። ግን ጮኾ ነው ያለው። ስልሳ ሰው ተቀምጦ ሰማው። እኔም ሰማሁ። ልጅቱ ብድግ ብላ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ይችን ደረጃ አልረገጠችም።»

«ጮኸው እንደተናገሩ ያውቃሉ?»

«ማን ይነግረዋል? ነግረኸውስ መቼ ይሰማል?» አለችና ክሯን መጠቅለል ጀመረች።

ሽማግሌው አንገቱ ድረስ የተቆለፈ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ከበሩ ትይዩ ተቀምጠው ነበር። ጥግ ላይ የቆመ የቁም ሣጥን፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የአንዲት ሴት ፎቶ። አልጋው መስኮቱ ሥር ነው፤ መጀመሪያ የነበረበት ቦታ ከወዲያኛው ግድግዳ አጠገብ በአራት እግሮች ምልክት ወለሉ ላይ ይታያል።

«ማዘጋጃ ቤት?» አሉ፤ መንገድ ማዶ ያለ ሰው የሚጠሩ ያህል ጮኸው።

ራሴን ነቀነቅኩ።

«አምና የመጣው ሌላ ነበር። ወፍራሙ።»

ሻንጣዬን እየከፈትኩ፣ «ጡረታ ወጡ» አልኩ።

«ምን?»

ዞሬ ፊት ለፊታቸው ደገምኩላቸው። ከንፈሬን አይተው፣ «ይገባዋል» አሉ። «ልኬቱ መሀል ተኝቶ ሲያንኮራፋ እንደገና ጀመርን።»

«ማንኮራፋታቸውን እንዴት ሰሙት?»

«አየሁታ! ትከሻው እንደ ወናፍ።»

ለልኬቱ ተዘጋጅተው ነው የጠበቁኝ። ፍሪጁን ከሶኬት ነቅለውታል፤ ወተቱ ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሣህን ውስጥ ቆሟል። የግድግዳው ሰዓት ባትሪ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። «መመሪያው ላይ አለ» አሉ። «ገጽ ሁለት። የቤቱ የራሱ ድምፅ መጥፋት አለበት።» ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «መልሷ መጣ?» ወዲያው ደግሞ አስተካከሉ፦ «የተከሳሽ መልስ ማለቴ ነው።»

ግልባጩን ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃኑ ይዘውት ሄዱና በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። የጆሯቸው ነገር ጋ ሲደርሱ ጣታቸው አልቆመም። ፊርማው ላይ ግን ቆየ።

«ዘንድሮ አጠረ» አሉ። «አምና ሁለት ገጽ ነበር።»

የጠረጴዛውን መሳቢያ ሳቡ። እንዳይቆሽሹ ላስቲክ የለበሱ ሁለት መልሶች ተኝተዋል፤ የአምናውና የካቻምናው። አዲሱን ከላይ አስቀመጡና ጠርዙን ከታችኞቹ ጋር አስተካከሉ።

«በአምስት ቀን ውስጥ መመለስ ግዴታ ነው አይደል?»

«ግዴታ ነው።»

«በገዛ ፊርማ።»

«በገዛ ፊርማ፣ ጋሼ።»

«ጥሩ ሕግ ነው» አሉና መሳቢያውን ዘጉት።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ፤ የሚያመለክቱት ለመልሷ ነው። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ይህ ጥሩ ሕግ ሁለት ጊዜ ልጅዎን አስቀጥቷታል፣ ዛሬ ሦስተኛው ነው ለማለት። የአለቃዬ ቃል ትዝ አለኝ፤ ከቃላቸውም በላይ ግን ያቆመኝ ሌላ ነው። መለኪያ ይዞ የገባ ሰው ለአንዱ ወገን ሹክ ካለ የጻፈው ቁጥር ሁሉ ቁጥር መሆኑ ይቀራል ብዬ አምናለሁ። አፌን ዘጋሁና ባለ ሦስት እግሩን መቆሚያ ክፍሉ መሀል አቆምኩ።

መጀመሪያ የሚለካው ሙዚቃው ሳይጀምር የቤቱ ፀጥታ ነው፤ አሥራ አምስት ደቂቃ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰው ከተናገረ ልኬቱ ይሰረዝና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ከሰው ጋር ተቀምጦ አሥራ አምስት ደቂቃ ዝም ማለት የማያውቀው ሰው ቀላል ይመስለዋል። እኔ በአሥራ አንድ ወር ውስጥ በዚህ ከተማ ካወራሁት ይልቅ ዝም ያልኩባቸው ቤቶች ይበዛሉ። የሰዎችን ምንጣፍ አውቃለሁ፣ የግድግዳቸውን ስንጥቅ አውቃለሁ፤ ልኬቱ ሲያልቅ አመስግነው በሩን ይከፍቱልኛል።

አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ሽማግሌው፣ «አንተስ አባትህ አለ?» አሉኝ።

መለኪያውን አጠፋሁ። «አሉ ጋሼ። ግን አበላሹብኝ፤ እንደገና መጀመራችን ነው።»

«ትደውልለታለህ?»

«አንዳንዴ።»

«አንዳንዴ ማለት አይደለም ነው» አሉና፣ «በል ጀምር» ብለው እጃቸውን ጭናቸው ላይ ሰበሰቡ።

ሁለተኛውን በሰላም ጨረስን። ሙዚቃው እስኪጀምር ጊዜ ስለነበረን ወተቱን አፍልተው በብርጭቆ ሰጡኝ። ወደ ፎቶው እያየሁ፣ «ባለቤትዎ ናቸው?» አልኳቸው።

«እሷ ናት። ከአሥራ ሁለት ማሽን ማዶ ነበር የምትሠራው። ማሽኖቹ ሲነሡ ድምፅህ አፍህ ላይ ነው የሚሞተው፤ ስለዚህ ሁላችንም በከንፈር ነበር የምናወራው። አግቢኝ ያልኳት እንደዚያ ነው፤ እሺ ያለችኝም እንደዚያ። የዚያችን 'እሺ' ድምፅ ሰምቼው አላውቅም።» ሳቁ። «እዚህ ቤትም ያው ነበርን። ልጃችን ገና ሕፃን ሆና፣ አልጋዋ ላይ ሆና ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅስልናለች። ሐኪም ቤት ወሰድናት፣ 'ልጅቷ አትናገርም' ብለን። ሐኪሙ መርፌ ሲያወጣ ጊዜ ሰፈሩን በጩኸት አመሰችው!» ብርጭቋቸውን አዞሩት። «እሷ ናት እንግዲህ ድምፅ ሥራ የገባችው።»

ደወል አልተደወለም፣ በሩም አልተንኳኳም። ደፉ ላይ ሁለት ጊዜ በእግር ተረገጠ፤ የወለሉ እንጨት ተንቀጠቀጠ። ሽማግሌው ብርጭቋቸው ውስጥ ያለው ወተት ሲናወጥ አዩና ከመዞራቸው በፊት ተነሡ።

ሠላሳ አራት ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት ነበረች፤ ጭቃ የነካው ጫማ፣ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ የጆሮ መድፈኛ፣ እጇ ላይ የፌስቲቫሉ ብርቱካናማ ክር። ባለፉት ሁለት ዓመታት ወኪል ነበር የላከችው። አባቷን በአገጯ ሰላም አለች። እሳቸውም በአገጫቸው መለሱ። ከዚያ እሷ ቆማ፣ እሳቸው ቆመው ቀሩ፤ ሁለት ወንበር ብቻ ስለነበረ እኔ ከያዝኩት ተነሥቼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

የተገኝነት ቅጹን ለማስፈረም ወደ ጠረጴዛው ጠራኋት። ስትፈርም ጀርባዋን ሙሉ በሙሉ ለአባቷ ሰጠች፤ ከንፈሯን እንዳያዩ መሆኑ ቆይቶ ነው የገባኝ።

«ቶሎ እንጨርሰው» አለችኝ ቀስ ብላ። «አንድ ተዘዋዋሪ የሙዚቃ ቡድን ቀጥሮኛል። በየአገሩ ነው የሚዞሩት፤ ለሁለት ዓመት። ሰኞ ፈቃዴ ንጹሕ መሆኑን ካላሳየሁ ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል።»

«ያውቃሉ?»

«ምኑን?»

«መሄድሽን። ወይም ሦስተኛ መሆኑን።»

«አንተ ነገርከው?»

«አይፈቀድልኝም።»

«እኔም ለልመና አልመጣሁም» አለችና ብዕሩን መለሰችልኝ።

«ምን አለች?» አሉ ሽማግሌው ጮኸው።

«ቶሎ እንጨርስ አለች።»

«ሁልጊዜ እንደቸኮለች ናት!»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ማዶ ጀመረ። መስኮቱ ዝግ ነበር። ከመስታወቱ ወዲያ መስኩ ይታያል፦ ብርቱካናማው መድረክ፣ ጥቋቁሮቹ ድምፅ ማጉያዎች፣ ከላያቸው እየረገፈ የሚወርድ ቅጠል፣ ከሩቅ እንደ ጉንዳን የሚንቀሳቀስ ሰው። እሷ የድምፁን ከፍታ ቆልፋ ለረዳቷ አስረክባ ነው የመጣችው። «ካስተካከልኩት ወዲህ ማንም አይነካውም» ብላ አስመዝግባለች።

መስኮቱ ተዘግቶ አሥራ አምስት ደቂቃ ለካሁ። አባት ወለሉን ያያሉ፣ ልጅ የእናቷን ፎቶ ታያለች። አርባ አንድ። የሚፈቀደው ሃምሳ ዴሲቤል ነው።

«አሁን መስኮቱ ተከፍቶ» አልኩ።

ሽማግሌው ተነሥተው ከፈቱት። መዝጊያው ምንም ሳያንገራግር ወጣ፤ በየቀኑ የሚከፈት መስኮት አወጣጥ ነው። ደፉ ላይ ቀለሙ በዝናብ ታጥቦ እንጨቱ ገርጥቷል፣ የመጋረጃው ጫፍ የውኃ ምልክት ይዟል። ድምፁ ገባ። ነፋሱ የላይኛውን ቀጭን ቀጭን ድምፅ እየወሰደው፣ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ከሥር ያለው ወፍራሙ ምት ነበር፤ የቁም ሣጥኑ መስታወት በእርግጥም ተንቀጠቀጠ። ሽማግሌው መዳፋቸውን የአልጋው ብረት ላይ አሳረፉ።

«አንተ ምን ይሰማሃል?» አሉኝ፤ መለኪያውን ገና አላስነሣሁም ነበር።

«ሙዚቃ ነው።»

«እኔ ቀጭኑን አልሰማም። ሰው ሲያወራ አልሰማም። ይኼን ግን እሰማዋለሁ፣ ከወለሉ ነው የሚነሣው። የማሽን ክፍሉ እንዲህ ነበር። ሌላ ሰው ሲይዘው ይረጋግጣል፤ እሷ ስትይዘው ይራመዳል።» ወደ ልጃቸው አላዩም። «በል ጀምር።»

ልጅቱ ይህን ሁሉ ሰማች። የጆሮ መድፈኛዋን ክር ጣቷ ላይ ስትጠመጥም ነበር፤ ቆመች።

መለኪያውን አስነሣሁ። ሦስት ደቂቃ ያህል ምንም አልሆነም። ከዚያ ቀና ስል ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ደንግጬ መለኪያውን አየሁ፤ ቁጥሩ ንክች አላለም። ድምፅ አላወጣችም። ከንፈሯ ብቻ፣ ሰፋ ሰፋ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ዳቦ እየቆረሰ። አባቷ ቀና አሉ። የእሳቸውም ከንፈር መለሰ። መመሪያው መናገር ክልክል ነው ይላል፤ ከንፈር ማንቀሳቀስ ክልክል ነው አይልም። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ በሁለቱ መሀል፣ እንደ መቆሚያው ባለ ሦስት እግር ደርቄ ተቀመጥኩ። አራት ዓመት ያልተነጋገሩ ሰዎች አጠገቤ እየተነጋገሩ ነው፤ እኔ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ደንቆሮው እኔ ነበርኩ።

ያየሁትን ብቻ ልናገር እችላለሁ። ልጅቱ ሦስት ጣት አሳየች፤ ከዚያ መለኪያውን ጠቆመች፣ ከዚያ ወደ ማዶው መስክ አመልክታ መዳፏን እንደ ቢላ ጉሮሮዋ ላይ አሳለፈች። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አልገባኝም እንደሚል ሰው። ደገመችላቸው። ዓይናቸው ወደ መሳቢያው ሄደ፤ ሦስቱ መልሶች ወደተኙበት፣ እዚያም ቆየ። ከዚያ ልጅቱ እጇን ወደ ሩቅ አድርጋ ዘረጋች፤ ሁለት ጣት አሳየች። ሁለት ዓመት።

ቀጥሎ ያለው ረጅም ነበር። በእጇ በግድግዳው ዙሪያ የተደረደረ ሰው አሳየች፤ የተቀመጠ፣ ብዙ ሰው። ወደ እናቷ ፎቶ አመለከተች። ከዚያ ሁለት ጣቶቿን የራሷ ጉሮሮ ላይ አድርጋ፣ አፏን ከፍታ፣ እጇን ከአፏ ወደ ክፍሉ ሁሉ በተነችው።

ሽማግሌው ቀስ ብለው የገዛ ጣቶቻቸውን ወደ ጉሮሯቸው ወሰዱ። ሲናገሩ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ የሚፈትሹ ይመስል እዚያው ያዟቸው። ከንፈራቸው አንድ ቃል ብቻ አለ፤ እሱን እኔም አነበብኩት፤ «ጮኼ?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ሌላ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። መለኪያው አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ከማዶ የሚመጣው ምት ብቻ ወለሉን ይረግጥ ነበር። አሥራ አምስት ደቂቃው ሲሞላ መሣሪያው ጢጥ አለ፤ ሽማግሌው ስለማይሰሙት እጄን አነሣሁላቸው።

ሃምሳ ስድስት።

ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ደንቡ ነው። ልጅቱ ጃኬቷን መቆለፍ ጀመረች። እጇ ጥድፊያ አልነበረውም፤ ያለቀ ነገር ላይ ማን ይጣደፋል?

«አንድ ጥያቄ ይቀራል» አልኩ። ቅጹን ሽማግሌው እንዲያዩት ወደ እሳቸው አዞርኩ። ሰባተኛው ጥያቄ ነው፤ ሁለቱን ቁጥሮች አስቀምጦ የትኛው እንደሚጸና የሚወስነው እሱ ነው። «ጋሼ፣ የዚህ ክፍል መስኮት በአብዛኛው ጊዜ ክፍት ነው ወይስ ዝግ? ክፍት ካሉ የሚያዘው ሃምሳ ስድስት ነው። ዝግ ካሉ አርባ አንድ፤ አቤቱታውም ተዘግቶ ፋይሉ ወደ መዝገብ ቤት ይገባል። በተዘጋ ፋይል በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ማመልከት አይቻልም።» ይህን የማስረዳት ግዴታ ስላለብኝ ነው የተናገርኩት፤ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ስል ግን ዓይኔን ከመሳቢያው ማንሣት አቃተኝ።

ሽማግሌው የታጠበውን የመስኮት ደፍ አዩ። መስኮቱ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው፤ ሁለት ቢጫ ቅጠል ገብቶ ትራሳቸው ላይ ወድቋል። አልጋው ከወዲያ ግድግዳ ተነሥቶ እዚህ የመጣበትን ምክንያት እኔ አውቄአለሁ፣ ልጅቱም ስትገባ አይታዋለች።

«አባዬ» አለች። በድምፅ ነበር። ፊታቸው ወደ መስኮቱ ስለነበረ አልሰሟትም።

«ያዩትን፣ የኖሩበትን ነው የሚናገሩት» አልኳቸው ሲዞሩ፤ ከንፈሬን እንዲያዩት ቀስ ብዬ። «እኔ የምጽፈው እርስዎ ያሉትን ብቻ ነው።»

መለኪያውን፣ ቅጹን፣ ከዚያ ልጃቸውን አዩ። ጃኬቷን እስከ ላይ ቆልፋ ጨርሳ ቆማለች። ከወንበራቸው ተነሡ፤ የሸሚዛቸውን አንገት ፈቱና ሁለት ጣቶቻቸውን ጉሮሯቸው ላይ አደረጉ። ድምፃቸው መውጣቱን ለማረጋገጥ አንዴ ሳል አሉ። ጣቶቻቸውን ሳያነሡ፣ ስልሳ ሰው ይሰማ ዘንድ የሚናገሩ ያህል፣ ደረጃው ሥር ያለችው ባለ ክር ሱቅ እንኳ እንድትሰማ አድርገው ጮኹ፤

«ዝግ ነው! ክረምት ከበጋ ዝግ ነው። ጻፍ!»